«ዩኤስዲቲ ሸጬ ነው» ብሎ ማን ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል?

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ስልክ እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስፈታ ስገጥም ስለምውል፣ የሰው ጭንቀትም አብሮ ይፈታልኛል። መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄ ነበር።

ሰላም ወገን። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሱቄ መጡ። የልጃቸውን ስልክ ከመቀነታቸው ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ልጄ ብሬ የተያዘው በዚህ ነው ይላል፣ እስቲ ክፈተውና እየው አሉኝ። መክፈት ያሉት በፓስወርድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ካቻቪቴው ላይ ነው።

ልጁን አውቀዋለሁ። ዲዛይን ይሠራል። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሦስት ወር ሙሉ ሎጎና ፖስተር ሠርቶ ክፍያውን በዩኤስዲቲ ተቀበለ። ለማያውቅ ሰው፣ ዩኤስዲቲ አንዱ አንድ ዶላር እንዲያህል ተደርጎ የተሠራ ዲጂታል ሳንቲም ነው። ቤት ኪራይ ደርሶበት ስለነበር ቴሌግራም ላይ ገዢ ፈለገ። ተገኘ። 41 ሺህ ብር በባንክ ገባለት፤ ሳንቲሙን ለቀቀ። በሦስተኛው ቀን አካውንቱ ታገደ። የገባለት ብር ለካ ከሌላ ከተማ ተጭበርብሮ የተወሰደ የሰው ብር ኖሯል። ሳንቲሙ ሄደ፣ ብሩ ታሰረ፣ ገዢው ከግሩፑ ወጣ። ክሰስ እንጅ ስለው ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ምን ብዬ? አለኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ዩኤስዲቲ ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስታውቋል። ዩኤስዲቲ ሸጬ ነው ብሎ ጣቢያ መሄድ ራስን መጠቆም ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መንግሥት ሕግ ቢያወጣለት ይሄ ነገር ይስፋፋል ወይስ ይጠፋል? እኔ ይውጣለት ባይ ነኝ። ክልከላው ተጠቃሚውን ሲቀንስ አላየሁም። የሚጮህበትን ቦታ ነው የነሳው።

ከዚህ በኋላ 34 መልስ መጣ። እየገለበጥኩ አልለጥፍም፤ በቁጥራቸው እየጠራሁ ያሉትን ልተርክላችሁ።

መልስ 1 እና 2 ማጽናኛ ናቸው። አንዱ እግዜር ይተካለት ብሎ አለፈ። ሁለተኛዋ በካቻቪቴው ስቃ፣ ከዚያ በመሳቋ ተጸጽታ ይቅርታ ጠየቀች።

መልስ 3 የሞጣ መምህር ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቶ ነው እርማቱን የጀመረው። ጥያቄዬ ሁለት ነገር አደባልቋል አለ። ክልከላ ሌላ፣ ቁጥጥር ሌላ። እኛ ያየነው ክልከላ ነው፤ ቁጥጥር ገና አልቀመስንም። ምሳሌ ያደረጋት ጃፓንን ነው። ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ፣ ቢትኮይን የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ የሚሸጥበትና የሚገዛበት መገበያያ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደቀ፤ ቀደም ሲል በዘርፉ ትልቁ እሱ ነበር። ጃፓን ዘግታ አልተገላገለችም። ከ2017 ጀምሮ መገበያያ የሚከፍት ሁሉ እንዲመዘገብ፣ የደንበኛን ንብረት ከራሱ ለይቶ እንዲያስቀምጥ በሕግ አዘዘች። ውጤቱ የታየው በ2022 መጨረሻ ነው። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክሪፕቶ መገበያያ ሲከስር የሌላው ዓለም ደንበኛ የኪሳራ ፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና፣ የጃፓኑ ቅርንጫፍ ደንበኞች በ2023 መጀመሪያ ገንዘባቸውን ማውጣት ጀመሩ። መምህሩ አንድ ነገር ጨመረበት። ሰው ወደ አንድ ገበያ ደፍሮ የሚገባው ሲወድቅ የሚያነሳው እንዳለ ሲያውቅ ነው።

መልስ 4 ወዲያው አረመው። ከቃና አንጻር ትንሽ ጎምዘዝ ያለ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላም እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ኮይንቼክ ከሚባለው የጃፓን መገበያያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ሳንቲም ተሰርቋል፤ ታዲያ ሕጉ የት ነበር? መምህሩ ዝቅ ብሎ መለሰለት። ኮይንቼክ ያኔ ፈቃዱ ገና በሂደት ላይ ነበር፤ ቢሆንም ለደንበኞቹ ካሣ ከፍሏል። 4 ቁጥር ለዚህ መልስ አልሰጠም። እዚህ አካባቢ ዝም ማለት ተሸነፍኩ ማለት ስላልሆነ ነጥብ አልያዝኩም።

መልስ 5 የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ ነች። ሳትሸፋፍን ተናገረች። ከቻይና የማሸጊያ ማሽን ልታስመጣ ፈልጋ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አስያዛት። ወረፋው ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ የባሕር ዳር ልጅ በዩኤስዲቲ ከፈለላት። ጠዋት ተነጋግረው ከሰዓት አለቀ። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የባንኩ ነገር እንደቀለለ አልካደችም። ግን ሕግ ይውጣ የምንል ሰዎች የዋሆች ነን ባይ ነች። ሕጉ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ፎርም፣ ማኅተም፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሺ ይዞ ይመጣል። ፍጥነቱን የወደደችው ማንም ስለማይነካው ነው። ተዉት፣ አትቀስቅሱት አለች። በሐሳቧ አልስማማም፤ እውነቷን ግን ነው። በ41 ሺህ ብር ፈንታ የእሷ ማሽን ታግዶ ቢሆን ምን ትል ነበር ብዬ ልጠይቃት ጽፌ አጠፋሁት።

መልስ 6 አዲስ አበባ የሚኖር የቢቸና ልጅ፣ የናይጄሪያን ነገር ዘርዝሮ ይዞ መጣ። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከክሪፕቶ ጋር የተያያዘ አካውንት ሁሉ እንዲዘጋ ባንኮችን አዘዘ። ሰዉ አልተወውም። ከትልልቆቹ መገበያያዎች ወጥቶ እርስ በርሱ መሸጥ ያዘ። መንግሥት በዚያው ዓመት ኢናይራ የሚባል የራሱን ዲጂታል ገንዘብ ቢያወጣም ብዙው ሕዝብ ዞር ብሎ አላየውም። በ2023 መጨረሻ ባንኩ እገዳውን አነሳ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ዲጂታል ንብረትን እንደ አክሲዮን ካለ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ቆጠረው። አራት ዓመት ያህል አሯሩጠው መጨረሻ ላይ መዝገብ ውስጥ አስገቡት ማለት ነው።

መልስ 7 እኛ ናይጄሪያ አይደለንም አለ። ቻይናን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንጉንም (በኮምፒውተር ማሽን አዲስ ቢትኮይን የማምረቱን ሥራ) ግብይቱንም ከለከለች፣ ማሽኖቹም ተነቅለው ሄዱ። መንግሥት ከቆረጠ ይችላል። እዚህ ላይ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀበት። ማሽኖቹ ተነቅለው ከሄዱባቸው አገሮች አንዷ ማን ሆነችና? ወደዚህ እመለሳለሁ።

መልስ 8 ለብቻው ይነገርለት። አንድ አዲስ አባል፣ ፎቶው ኮት የለበሰ ፈረንጅ፣ የታገደ ገንዘብ በ24 ሰዓት እንደሚያስመልስ ጽፎ ልጁ በውስጥ መስመር እንዲያናግረው ጋበዘ። ለሥራ ማስጀመሪያ 3 ሺህ ብር ብቻ ነው። የተበላን ሰው ተከትሎ የሚበላ ሌላ አለ ማለት ነው። አስተዳዳሪው በሩብ ሰዓት አባረረው። ልጁ ግን ቀድሞ አይቶት ሊደውልለት እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

መልስ 9 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ልጁን ስግብግብ አለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለውን ተረት አነሳበት። በሕጋዊ ባንክ ቢያመነዝር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጥቁር ገበያ የተሻለ ዋጋ ስለሰጠው ሄደ፣ ገበያው ደግሞ በላው። ማልቀሱን ለእናቱ ይተውላቸው። ከዚህ ውስጥ አንድ ፍሬ እውነት አለ፤ የቴሌግራም ዋጋ ከባንኩ ይበልጣል፣ ሰው ደግሞ ብልጫ ይወዳል። ግን ልጁ ዶላር ቢሰጠው ኖሮ ነው ባንክ የሚወስደው። የተሰጠው ዩኤስዲቲ ነው። ዩኤስዲቲ የሚቀበል የባንክ መስኮት የት አለ?

ከ10 እስከ 13 ያሉት ስድብ ናቸው። 12 ቁጥር ተሰርዟል። 13 ቁጥር 12 ቁጥር ለምን ተሰረዘ የሚል ነው።

መልስ 14 ባይመጣ ኖሮ ክሩ እዚያው ይሞት ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ረጅም ጽፈዋል፤ አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቁም፣ አንድ ትንፋሽ ነው። ሕግ ገንዘብን ያስለምዳል ወይስ አያስለምድም የሚለው ጥያቄ ለጎጃም አዲስ አይደለም ብለው ጀመሩ። አሞሌን አነሱ። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው ጨው ባሶ ገበያ ላይ ገንዘብ ነበር። ከአፋር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ከነካው ይሟሟል። ዋሌት (የዲጂታል ሳንቲም ቦርሳ) ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅሰው የዛሬ ልጅ፣ ክረምት ላይ አሞሌው የቀለጠበትን ነጋዴ ቢያይ ይጽናና ነበር። ከአሞሌው ጎን ጠገራ ብር ነበረ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ፣ 1780 የሚል የተጻፈበት። ገበሬው ጽሑፉን አያነብም። የንግሥቲቱን ጌጥ እንክብሎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል፤ አንድ ከጎደለ አይቀበልም።

ቀጠሉ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አስመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፣ አድዋም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ፣ ክብራቸው ከፍ ያለ ነው። ገበያው ግን ጠገራውን አልለቀቀም። ገጠሩ ለአሥርት ዓመታት የባዕድ ንግሥት ብር ሲቆጥር ኖረ። ጠገራው ከገበያ እየወጣ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የገንዘብ አዋጅ የወረቀቱን ብር ካመጣ በኋላ ነው። ጋሼ ከዚህ የሚያወጡት ነገር ቀጥተኛ ነው። አዋጅ ብቻውን ገንዘብ አያስለምድም። አዋጅ ብቻውን ገንዘብ አያስተውም።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በ1945ቱ ጊዜ መንግሥት አዋጅ ብቻ አላወጣም። ባንክ ነበረው፤ ግብርና ደመወዝም በአዲሱ ብር ሆነ። ያሮጌውን በር ሲዘጋ የአዲሱን ከፍቷል። የእኛ ዘመን ክልከላ በሩን ዘግቶ ሄደ። ልዩነቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

መልስ 15 ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ ነው፤ ዲማ ይሁን ሌላ ደብር አልተናገረም። ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። የዚህ አገር የክሪፕቶ ሕግ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ለሕዝቡ አትነገዱ ይላል፤ ወርቁ ለባለ ማሽኑ መብራት ግዛን ይላል። በክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው። ቅናት ይዞኛል።

መልስ 16 ቅኔውን ወደ ቁጥር መለሰው። ጸሐፊዋ ዳንግላ ያለች የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነች። የቻይና ማይነሮች ከ2021 በኋላ ርካሽ ኃይል ፍለጋ ተበተኑ። ኢትዮጵያ ደግሞ ውሃ አላት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የያዙት ማይነሮች 21 ደርሰው ነበር፤ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ዋጋው ያኔ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር፤ ክፍያው በዶላር ነው። መንግሥት ዶላሩን ይወደዋል። ለስሙ ማይኒንግ አይባልም፣ ከፍተኛ የኮምፒውተር አገልግሎት ነው። በነሐሴ 2014 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ ላይ ያላችሁ በ10 ቀን ውስጥ ተመዝገቡ ብሎ ነበር። ልብ በሉ፣ ብሔራዊ ባንክ ሕገወጥ ነው ካለ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። አንዱ ቢሮ አትንኩ፣ ሌላው ቢሮ ተመዝገቡ። ኋላ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዲስ ማይነር የሚተርፍ የለኝም ወደ ማለት መጣ።

የእሷ መደምደሚያ ከእኔ የተሻለ ነው። ፈቃድና ዋጋ በግልጽ ለተቀመጠለት ወገን፣ ቁጥጥር ሥራውን በሁለት ዓመት አሳደገው። ክልከላ ብቻ ለተሰጠው ለተራው ሰው ወገን፣ ሥራው ቴሌግራም ውስጥ ተደበቀ። አገሩ አንድ፣ ቴክኖሎጂው አንድ፣ ውጤቱ ሁለት።

ከ17 እስከ 19 ወደ መብራት ገባን። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት እያመነጨ፣ ሕዳሴው በጳጉሜ 2017 ተመርቆ፣ የእኛ ቀበሌ ወፍጮ ለምን በናፍጣ ይፈጫል የሚል ምሬት ነው። አንዱ ጉባ ያለበት መተከል ድሮ የጎጃም አውራጃ እንደነበር አስታወሰ፤ ሌላው ይህን እዚህ ማንሳት ምን ይጠቅማል ብሎ ተቆጣ። ነገሩ እንዳይሰፋ ሰጋሁ። ደግነቱ 19 ቁጥር የወፍጮ ቤት ዋጋ ጠይቆ አበረደው። ለጤፍ ኩንታል ስንት ታስፈጫላችሁ? ሁሉም መለሰለት። ለክሪፕቶ ያላወጣነውን ትጋት ለወፍጮ አወጣን።

መልስ 20 ሚኔሶታ ያለች የሞጣ ልጅ ነች። ለእናቷ በየወሩ ትልካለች። አሜሪካ በ2025 አጋማሽ ጂኒየስ አክት የሚባል ሕግ እንዳወጣች ነገረችን። ዶላር ነኝ የሚል ሳንቲም የሚያወጣ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ዶላር በጥሬ ወይም በአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነድ ማስቀመጥና በየወሩ ማሳየት አለበት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ የሚያየውን ስለምታምን ደፍራ ሞከረችው። በእሷ በኩል ሕጉ አስደፈራት። ሞጣ ሲደርስ ግን እናቷ የሚፈልጉት ብር ነው፤ ብሩን የሚሰጠው ደግሞ ባሕር ዳር ያለ የማይታወቅ ሰው ነው። ግማሽ መንገዱ አስፋልት፣ ግማሹ ገደል ሆነባት። እናቷን በዚያ ገደል ላለመስደድ ወደ ተለመደው ላኪ ድርጅት ተመለሰች። ኮሚሽኑን እያማረረች።

መልስ 21 የክሩ ሁሉ ጠቃሚ ይሄ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅነውም። እገዳው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳ። አንድ ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ ለባንኩና ለፖሊስ ሲያመለክት ብሩ የሄደበት መስመር ይከተላል። ከአንደኛው አካውንት ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ የደረሰበት ሁሉ ይያዛል። አጭበርባሪው ይህን ስለሚያውቅ የሰረቀውን ብር በአካውንቱ አያሳድረውም። በፍጥነት ዩኤስዲቲ ይገዛበታል። ሻጩ የመስመሩ መጨረሻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ምክር ሰጠ። ብሩ የተላከበት አካውንት ባለቤት ስምና ሳንቲሙን የሚገዛው ሰው ስም ካልገጠመ ብሩን መልስ፣ ሳንቲሙን አትልቀቅ። ወንድሜ ነው የላከልህ ቢልህም አትልቀቅ።

ወደ ሱቅ ስመለስ የልጁን ስልክ አየሁት። ስክሪንሾቱ አለ። ገዢ ነኝ ያለው የወንድ ስም ነው። የባንኩ መልእክት ላይ ያለው የሴት ስም ነው። ልጁ የገዢው ሚስት መስላው ነበር።

መልስ 22 ለሳቅ የመጣ ነው፤ ግን ከዚህ ነገር ጋር መቼ ተዋወቅን ለሚል ሁሉ መልስ አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እያለ ዶርሙ ሙሉ ሃምስተር የሚባለውን፣ ስክሪን እየነካህ ሳንቲም ታገኛለህ የሚል የቴሌግራም ጨዋታ ሲጫን ያድር ነበር። ጣቱ እንዳይቃጠል በየተራ ነበር የሚጫኑት። ሳንቲሙ ገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው፣ የደመራ ዕለት። ሚያዝያ ላይ መኪና፣ ሰኔ ላይ ባጃጅ፣ ጳጉሜ ላይ ስልክ ሲያቅዱ ቆይተው፣ ችቦው ሲለኮስ የእሱ ድርሻ የሳምንት ኢንተርኔት ፓኬጅ አልሞላም። ላም አለኝ በሰማይ ብለው አያቱ ተረቱበት። የጠየቀው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። የሰው አገር ልጆችም ሃምስተር ተጫውተዋል። እኛ ጋ እንዲህ ቤት ለቤት የገባው ለምንድን ነው? ሥራ ፈት ጣት ስለበዛ ነው አለ። ይህን ሕግ አያመጣውም፣ ሕግም አያጠፋውም።

መልስ 23 የሞጣው መምህር ተመልሶ መጣ። ለጋሼ 14 ቁጥር ማስረጃ ጨመረላቸው። ኤልሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ የመክፈያ ገንዘብ አደረገች። ለዜጋው ሁሉ በመንግሥት ዋሌት 30 ዶላር ሰጠች። ብዙው ሰው 30ውን ዶላር አውጥቶ ዋሌቱን ተወው። በ2025 መጀመሪያ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ጋር ተያይዞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ነጋዴ ቢትኮይን የመቀበል ግዴታው ቀረለት። ስለዚህ መንግሥት መግፋትም ሊያስለምድ አልቻለም። መምህሩ እዚህ ላይ ከመጀመሪያው አቋሙ ትንሽ ሸርተት ያለ መሰለኝ። 4 ቁጥርም አይቶታል፤ ስንት ቁጥር ላይ ቆመሃል ብሎ ወጋው።

መልስ 24 ሕንድን ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ትርፉ ላይ 30 በመቶ፣ ሽያጩ ላይ 1 በመቶ ግብር ጣለች፤ ነጋዴው ወደ ውጭ መገበያያዎች ፈለሰ። ሕግ ማለት ግብር ከሆነ የበርበሬ ነጋዴዋ ልክ ናት አለ።

እዚህ ላይ መልስ 25 ቀለደ። ጎጃምን በግብር አታስፈራሩ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መልሱን ሰጥቷል። ጋሼ በ26 ተመለሱና ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ቀየሩት። ገበሬው የተነሳው ግብሩን ብቻ ጠልቶ አልነበረም። የፈራው ልኬታውን ነው። መሬቴ ከተለካ፣ ከተመዘገበ፣ ነገ ርስቴን ይነጥቁኛል ብሎ ነው። መዝገቡን ነው የጠላው። ስለዚህ በ10 ቀን ተመዝገቡ የሚል ማስታወቂያ ያየ የቴሌግራም ነጋዴ ለምን እንደማይቀርብ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሚመዘግበው እጅ ነገ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ስሙን የሚሰጥ ሰው የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሕግ ይውጣ አይውጣ አይደለም አሉ፤ ተመዝጋቢው ምን ያገኛል ነው። ካሣ? ፍርድ ቤት? ደረሰኝ?

አንብቤ ሥራ ፈታሁ። የአንድ ደንበኛ ስልክ ጀርባ ተከፍቶ ፊቴ ቁጭ ብሎ ነበር።

ከ27 እስከ 29 ስለ 1960ው አመፅ የየአያቶቻቸውን ወሬ አመጡ። ሁለቱ አያቶች አንድ ጦርነት ላይ በተለያየ ጎን ስለዋሉ ትንሽ መናቆር ነበር። አለፈ። በ30 ላይ 9 ቁጥር ተመለሰ። ስግብግብ ያልኩት ልጅ ሦስት ወር የሠራበት መሆኑን አስተውዬ አላነበብኩም ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ደረቅ ነው፤ ግን ይቅርታ ነው።

መልስ 31 ዩኤስዲቲ ትገዛለህ ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ክሩን ከላይ አላነበበም።

መልስ 32 የበርበሬ ነጋዴዋ ነች። የ21 ቁጥሩን ምክር ለባሕር ዳሩ ልጅ እንደላከችለት፣ እሱም ከእንግዲህ ስም ካልገጠመ አልቀበልም እንዳለ ጻፈች። አሁንም ሕጉ ባይመጣ ትመርጣለች። 33 ቁጥር፣ የዳንግላዋ ባለሙያ፣ ይሄ ራሱ ሕግ ነው፣ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ አለቻት።

መልስ 34 ልጁ ነው። በራሱ ስም አልገባም፤ በአጻጻፉ ነው ያወቅኩት። ባንኩ እገዳውን ለማየት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ማመልከቻ በጽሑፍ አምጣ ብሎታል። ምን ብዬ ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። ዕቃ ሸጬ ነው ቢል ደረሰኝ ይጠየቃል። ብድር ነው ቢል አበዳሪዋ የማያውቃት ሴት ናት። እውነቱን ቢጽፍ ከላይ የተባለው ሁሉ አለ።

34 መልስ በመጣበት ክር ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ የለም። እኔም አልሰጠሁም። ትናንት ሱቄ መጥቶ እስኪርቢቶ ተዋሰኝና የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ጻፈ። የባንኩን ስም ጻፈ፣ ከሥሩ አሰመረበት። ወረቀቱ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ጉዳዩ፦» ከሚለው አላለፈም።